ልጁ ምን አጥፍቶ ነው ወደ ሮቸስተር የተላከው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ቤዝቦል ወዶ እኔንም አስገብቶኛል። ዋሽንግተን ናሽናልስን አብረን እናያለን። በቀደም አንድ ወጣት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ገብቶ ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወረወረ፤ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ሕዝቡ አጨበጨበለት። በማግስቱ ወደ ሮቸስተር፣ ወደ ማይነር ሊግ ተላከ ተባለ። ልጄ «ምን አጥፍቶ ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ይህ መውጣትና መውረድ የሚሠራው እንዴት ነው? ተጫዋቹስ «አልሄድም» ማለት አይችልም?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ልጁ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም የተላከው ብዙ ስለወረወረ ይመስለኛል። ነገሩ ውስብስብ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርልዎት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።

መጀመሪያ እግር ኳስን ለጊዜው እንርሳው። እዚያ የለመድነው ክለብ ሲወርድ ነው። ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ ከፍተኛ ሊግ ይገባል፤ ሌላው በቦታው ይመጣል። በቤዝቦል ክለብ አይወርድም። ሜጀር ሊግ የሚባለው ዋናው ሊግ 30 ክለቦች አሉት፤ እነሱው ናቸው። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 በአንድ የውድድር ዓመት 121 ጨዋታ ተሸንፏል። በሚቀጥለው ዓመት ግን እዚያው ሜጀር ሊግ ውስጥ ነበር። የሚወጣውና የሚወርደው ሰው ነው።

በእያንዳንዱ ክለብ ሥር አራት ዋና ዋና የማይነር ሊግ ቡድኖች አሉ። የናሽናልስን ከታች ወደ ላይ ልጥራልዎት። ሲንግል ኤ የሚባለው ፍሬደሪክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ሃይ ኤ ዊልሚንግተን፣ ደላዌር ነው። ደብል ኤ ሃሪስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ። ትሪፕል ኤ ደግሞ ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ። ከነዚህም በታች ፍሎሪዳና አሪዞና ውስጥ፣ እንዲሁም ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የጀማሪዎች ሊጎች አሉ። ስለዚህ ልጁ የተላከው ከሁሉም ወደሚቀርበው ደረጃ ነው። አንድ ስልክ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሮቸስተር ስታዲየሙን ያስተዳድራል፣ ትኬቱን ይሸጣል። ተጫዋቹንና አሰልጣኙን ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍለው ግን ናሽናልስ ነው። ስለዚህ የሮቸስተር አሰልጣኝ ለዋንጫ እየተፎካከረ ሳለ ምርጥ ተጫዋቹን ማታ በስልክ ይወስዱበታል። ሊከፋውም አይችልም፤ የተቀጠረው ለዚያ ነው። ዘዴውን በ1920ዎቹ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ውስጥ ያስጀመረው ብራንች ሪኪ የሚባል ሰው ነው። ክለቡ ገንዘብ አልነበረውም። የተሠራ ተጫዋች ከመግዛት ራሳችን እናሳድግ አለ። ይህ ሪኪ ኋላ ብሩክሊን ሄዶ ጃኪ ሮቢንሰንን ያስፈረመው ሰው ነው። ሮቢንሰንንም ቢሆን በቀጥታ አላስገባውም። በ1946 ሞንትሪያል ወዳለው የማይነር ሊግ ቡድን ልኮ አንድ ዓመት አጫወተው። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ብሩክሊን ተሰለፈ።

አሁን ወደ እርስዎ ፒቸር እንምጣ። ሁለት ቁጥሮች ይያዙ፦ 26 እና 40።

26 ማለት ዛሬ ማታ ማልያ ለብሰው መጫወት የሚችሉት ናቸው። ከነሱ ውስጥ ፒቸሮቹ ከ13 መብለጥ አይችሉም። ከሴፕቴምበር 1 በኋላ ቁጥሩ 28 ይሆናል፤ ፒቸሮቹም 14። 40 ደግሞ ሰፋ ያለው ዝርዝር ነው። 26ቱም እዚያ ውስጥ አሉ። የቀሩት ማይነር ሊግ ይጫወታሉ፣ ግን ክለቡ «የኔ ናቸው፣ ማንም አይነካብኝም» ብሎ ያስመዘገባቸው ናቸው። በዚህ በአርባው ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ሰው ሜጀር ሊግ መጫወት አይችልም። ወርቅ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ቦታ ይፈለግለታል። ቦታ ከሌለ ደግሞ አንድ ሰው መውጣት አለበት።

በዚያ ምሽት የሆነውን ልገምት። ጨዋታውን የጀመረው ፒቸር ቶሎ ተመታ፤ ማለትም ኳሱን እየመቱ ነጥብ አስቆጠሩበት። እርስዎ ያዩት ልጅ ገባና ሦስት ኢኒንግ ሸፈነ፤ ምናልባት 50 ኳስ ወርውሯል። እንዲህ የወረወረ ክንድ ለሁለትና ለሦስት ቀን አይሠራም። ነገ ግን ጨዋታ አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ። በዓመት 162 ጨዋታ ነው፣ የእረፍት ቀን ብርቅ ነው። አሰልጣኙ 13 ፒቸር ብቻ ይዞ ከነሱ አንዱን ለሦስት ቀን እንዲሁ ማስቀመጥ አያዋጣውም። ስለዚህ የደከመውን ክንድ ወደ ሮቸስተር ይልካል፤ ያረፈ ክንድ ያስመጣል። ሦስቱን ኢኒንግ ባይሸፍን ኖሮ ምናልባት አይላክም ነበር። ጭካኔ ይመስላል። ትንሽም ነው። ግን ቅጣት አይደለም።

ለምን እሱ ተመረጠ? እዚያው ወንበር ላይ በሳምንቱ በሙሉ ሲመታ የከረመ አንድ አንጋፋ ፒቸር ነበር ይሆናል። እሱ አልተላከም። መልሱ «ኦፕሽን» የሚባለው ነገር ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ለልጅዎ የሚነግሩት ከሆነ ይህንን ይንገሩት።

አርባው ውስጥ ያለ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የኦፕሽን ዓመቶች አሉት። በነዚህ ዓመታት ክለቡ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ማይነር ሊግ ሊልከው፣ መልሶም ሊጠራው ይችላል። የሚቆጠረው በዓመት ነው፣ በጉዞ አይደለም። ድሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜም ቢያመላልሱት ያው አንድ ኦፕሽን ነበር። አንዳንዱ ልጅ ሻንጣውን ሳይፈታ ነበር የሚከርመው። ክለቦቹና የተጫዋቾች ማኅበር በ2022 ካደረጉት ስምምነት ወዲህ ግን በአንድ የውድድር ዓመት ከአምስት ጊዜ በላይ እንዲሁ ማውረድ ቀርቷል። በዓመቱ ውስጥ ታች የቆየው በድምሩ ከ20 ቀን በታች ከሆነ ደግሞ የዚያ ዓመት ኦፕሽን እንዳልተነካ ይቆጠራል።

ሌላም ልጓም አለ። የወረደ ፒቸር 15 ቀን፣ ሌላ ተጫዋች ደግሞ 10 ቀን ሳይሞላው መመለስ አይችልም። ከላይ አንድ ሰው ተጎድቶ እሱን የሚተካ ከሆነ ግን ቀኑ ይቀርለታል። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ በአራተኛው ቀን ተመልሶ ካዩት አይደነቁ። የሆነ ሰው ትከሻውን አሞት ይሆናል።

ኦፕሽን ያለው ወጣት ለክለቡ ምቹ ነው። ጦሱም ምቹነቱ ነው። አንጋፋው ግን ኦፕሽኑን ጨርሷል። እሱን ለማውረድ ክለቡ መጀመሪያ ለቀሩት 29 ክለቦች ማቅረብ አለበት፤ ይህ ዌይቨር ይባላል። የሚፈልገው ክለብ ከነውሉ በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ይወስደዋል። ሁለት ክለቦች ቢፈልጉት በውጤት ደከም ያለው ቅድሚያ ያገኛል። ስለዚህ ክለቦች ኦፕሽን የጨረሰን ሰው እንዳያጡት እየፈሩ፣ እየተመታም ቢሆን ያቆዩታል። ጥሩ የወረወረው ወርዶ መጥፎ የወረወረው የሚቀረው በዚህ ነው። እኔ በግሌ የተጫዋችን መውረድ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ያለፈውን ጨዋታ ውጤቱን አይደለም፤ ስንት ኦፕሽን ቀርቶታል የሚለውን ነው።

ዜና ላይ «ዲኤፍኤ ተደረገ» የሚል ካነበቡ ያ ሌላ ነገር ነው። ከኦፕሽን ጋር አያምታቱት። ተጫዋቹ ከአርባው ዝርዝር ወዲያውኑ ተሰርዟል። ክለቡ ሰባት ቀን አለው፦ ከሌላ ክለብ ጋር ይለውጠዋል፣ ዌይቨር ላይ ያወጣዋል ወይም ያሰናብተዋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ሌላ ሰው ከታች ለማምጣት ቦታ ሲጠብ ነው። የአንዱ ደስታ የሌላው ዱብ ዕዳ ነው። ማንም ሳይጎዳ ቦታ የሚገኘው በከባድ ጉዳት ብቻ ነው ብል ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተጫዋች የ60 ቀን የጉዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከአርባው ላይ አይቆጠርም።

«አልሄድም» ማለት ይችላል ወይ ላሉት፦ ያ ወጣት አይችልም። አምስት ዓመት ሙሉ የሜጀር ሊግ አገልግሎት ያለው ተጫዋች ያለ ፈቃዱ በኦፕሽን አይወርድም። ከአርባው ወጥቶ ዌይቨር ላይ ማንም ያልወሰደው ሰው ደግሞ ሦስት ዓመት አገልግሎት ካለው፣ ወይም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እንዲህ ከወረደ፣ «ይቅርብኝ» ብሎ ነጻ ሆኖ ሌላ ክለብ መፈለግ ይችላል። ከዚያ ያነሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያነጋግርም። ገንዘብ ነው። በ2022 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 700,000 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጨምሯል፤ በ2025 760,000 ደርሷል። ክፍያው ግን በቀን ነው የሚሰላው። በዚያው በ2022 ሜጀር ሊግን ቀምሶ የወረደ የአርባው ዝርዝር ተጫዋች ዝቅተኛ ክፍያው 114,100 ነበር። እያንዳንዱ የሮቸስተር ቀን ስድስት እጥፍ ያስቀንሰዋል ማለት ነው። ከአርባው ውጭ ያሉት ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ማይነር ሊገኞች በ2022 ማኅበር ገብተው በ2023 የመጀመሪያ ስምምነታቸውን ሲፈርሙ የትሪፕል ኤ ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር አደገ። አዎ፣ በዓመት። ከዚያ በፊት ክረምቱን ዕቃ እያደረሱ፣ ልጆች እያሠለጠኑ የሚኖሩ ብዙ ነበሩ።

ቀኑ የሚቆጠረው ለደመወዝ ብቻም አይደለም። እዚህ ላይ ነው ክለቦች ብልጠት የሚሠሩት። የውድድር ዓመቱ ወደ 187 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ 172 ቀን ሜጀር ሊግ ውስጥ የቆየ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት አገለገለ ይባላል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ደመወዙን በገላጋይ ፊት መከራከር ይችላል። ስድስት ሲሞላው ነጻ ሆኖ ለፈለገው ክለብ ይፈርማል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ክለብ ድንቅ ልጅ አለው። በመጀመሪያው ቀን ከማሰለፍ ከሁለት ሳምንት ትንሽ በላይ ታች ቢያቆየው፣ ሙሉ አንድ ዓመት ይጨምርለታል።

የ2015ቱ የክሪስ ብራያንት ጉዳይ የታወቀው ለዚህ ነው። ከውድድሩ በፊት በነበሩት የዝግጅት ጨዋታዎች ከማንም በላይ ሆምረን (ከሜዳው አልፎ የሚወጣ ምት) መታ። ቺካጎ ከብስ ግን ወደ ትሪፕል ኤ ላከው፤ ኳስ መከላከል ላይ ይሠራ አሉ። ኤፕሪል 17 ጠሩት። ዓመቱ ሲያልቅ 171 ቀን ነበረው። አንድ ቀን ጎደለው! የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሊጉ ምርጥ። አቤቱታ አቅርቦ ነበር፤ በ2020 ተፈረደበት። ክለቡ ሕግ አልጣሰም። እኔ ግን ለመከላከል ልምምድ ነው የሚለውን ማብራሪያ ያመነ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ከ2022 ወዲህ ይህን ለመቀነስ ማባበያ ገብቷል። ተስፋ የተጣለበትን ልጅ ከመጀመሪያው ያሰለፈ ክለብ፣ ልጁ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ከሆነለት ተጨማሪ የድራፍት ምርጫ ያገኛል፤ ድራፍት ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ሲያትል በሁሊዮ ሮድሪገስ እንዲህ ተጠቀመ። ዘግይቶ ያመጣውም ቢሆን ልጁ በምርጫው ከአንደኛና ከሁለተኛ አንዱን ካገኘ ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል። ፖል ስኪንስ በ2024 ፒትስበርግ የገባው ሜይ 11 ነው። አንደኛ ወጣ፤ ሙሉ ዓመቱን አገኘ።

ልጅዎ «ሁሉም ደረጃውን አንድ በአንድ ይወጣል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ግዴታ የለም። ዴቭ ዊንፊልድ በ1973፣ ማይክ ሊክ በ2010 ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ሜጀር ሊግ ገብተዋል። ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እውነተኛው ወንፊት ደብል ኤ ነው ይላሉ የሚያውቁት። ማይክል ጆርዳን በ1994 ቅርጫት ኳስ ትቶ የተጫወተው እዚያ ነበር፣ በርሚንግሃም ባሮንስ። አማካዩ .202 ነበር፤ ከመቶ ሙከራ ሃያ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይስቅበታል። ከሁለተኛ ደረጃ ወዲህ ያልተጫወተ የ31 ዓመት ሰው ደብል ኤ ገብቶ ሃያውን ማግኘቱን ግን እኔ እንደ ትልቅ ነገር ነው የማየው።

በፍጥነት መውጣትን ለማየት የራሳችሁን ክለብ ታሪክ ይንገሩት። ሁዋን ሶቶ በ2018 የጀመረው ያኔ የናሽናልስ ሲንግል ኤ ቡድን በነበረበት ሃገርስታውን፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ገና 19 ዓመቱ ነበር። በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ሁለት ደረጃ አልፎ ሦስተኛው ላይ፣ ሃሪስበርግ ደረሰ። ሜይ 19 የናሽናልሱ ሃዊ ኬንድሪክ ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ተበጠሰ። በማግስቱ ሶቶ ዋሽንግተን ነበር። ለሱ ያ ቦታ አልታሰበለትም ነበር፤ የሰው ጉዳት ከፈተው። ከዚህ ጋር የምወዳት አንዲት ጉድ አለች። ሜይ 15 በዝናብ የተቋረጠ የያንኪስ ጨዋታ ነበር፤ ቀሪው ጁን 18 ተጫወቱ። ሶቶ ገብቶ ሆምረን መታና አሸነፉ። መዝገቡ ላይ ግን ጨዋታው የሜይ 15 ነው። በዚያ ቀን እሱ ገና ደብል ኤ ውስጥ ነበር። ሜጀር ሊግ ሳይገባ በሜጀር ሊግ ሆምረን መታ!

በሌላው ጫፍ ድሩ ማጊ አለ። ከ1,100 በላይ የማይነር ሊግ ጨዋታ ተጫውቷል። በ13ኛው ዓመቱ፣ በ2023፣ በ33 ዓመቱ ፒትስበርግ ፓይሬትስ ጠሩት። ኤፕሪል 26 ሊመታ ሲገባ ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ደብል ኤ ተመለሰ። ይህ የተጠራውም በሰው መጉደል ምክንያት ነው፤ መደበኛው ተጫዋች ሐዘን ላይ ነበር፣ ለጥቂት ቀን ሰው አስፈለጋቸው።

እዚያው ፒትስበርግ፣ በዚያው ኤፕሪል 26፣ ግን በ2017፣ ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚሆን ነገር ተፈጽሟል። ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎኤፔ በአፍሪካ ተወልዶ ሜጀር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2008 ነበር የፈረመው። ከስምንት ዓመት በላይ ጠብቋል። የመጀመሪያዋን ዕድሉን ከቺካጎው ጆን ሌስተር ላይ መታት። እሱም ቢሆን በዚያው ዓመት ተመልሶ ወርዷል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ይህ እንኳ ለእናንተ ይጠቅማል። ፍሬደሪክስበርግ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ተጫዋች ካያችሁ ወረደ ብላችሁ እንዳታዝኑ። ከጉዳት የሚመለስ ሰው ለልምምድ እዚያ ይላካል፤ ፒቸር እስከ 30 ቀን፣ ሌላው እስከ 20 ቀን። ደመወዙም የአገልግሎት ቀኑም የሜጀር ሊግ ነው። ልጅዎ ኳስ ማስፈረም ከፈለገ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም፤ ስታዲየሙ ትንሽ ነው፣ ተጫዋቾቹም ቅርብ ናቸው። ዓርብ ማታ ከሆነ ግን በጊዜ ውጡ፤ የ95ን መንገድ ነገር መቼም ያውቁታል።